ላልገቡ ከብቶች ያጠርነው አጥር

ሞኝ መሆኔን ባለቤቴ በየቀኑ ስለምታስታውሰኝ እዚህ ብደግመው አዲስ ነገር አይሆንም። ግን ሞኝነትም ደረጃ አለው። ሥር የሌለው ጥቅል ጎመን መሬት ላይ ሰክቶ፣ በቅሏል ብሎ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ከደረጃው አናት ላይ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ዝናቡ ጋብ ሲል እዚህ አምቦ የጎረቤቴ ልጆች ሰላጣ ሊዘሩ ግቢያቸውን ይቆፍራሉ። በአጥሩ ቀዳዳ አይተውኝ፣ አስተማሪ አልነበሩ እንዴ፣ መጥተው መደብ አሠራሩን ያሳዩን አሉኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ቤት ገባሁ። ወገቤ ምንም አልሆነም።

ዐሥር ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ወጣት ነበርኩ ለማለት ይከብዳል፤ ፀጉር ግን ነበረኝ። ጉደር አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት ኅብረተሰብ አስተምር ነበር። ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስደርስ ኃላፊነቱ ሁሉ ተከፋፍሎ የቀረው የጓሮ አትክልት ክበብ ብቻ ሆነና ለእኔ ተሰጠ። ዶማ የያዝኩት ያን ጊዜ ነው፤ የያዝኩትም በተቃራኒው ነበር፣ ልጆቹ እንዳሉት ከሆነ።

መስከረም ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኔ ገመድ እወጥራለሁ፣ እነሱ ይቆፍራሉ። ከየቤታቸው የበሰበሰ ፍግ በጆንያ እየተሸከሙ ያመጣሉ፣ ጓሉን በእጃቸው ይፈረፍራሉ፣ መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ጎን ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። እረፍት ላይ የተጠበሰ በቆሎ እንካፈላለን። በቁፋሮው ሰነፍ ብሆንም በበቆሎው ግንባር ቀደም ነበርኩ።

ከልጆቹ አንዷ ቦንቱ ነበረች፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ። ካሮት ድንጋይ ካገኘው ይጣመማል ብዬ ያነበብኩትን ብነግራት፣ መደቧን ጠጠር በጠጠር ስትለቅም ሰነበተች። አፈሩ ዱቄት መሰለ። ልጅቷ ምክንያት ነበራት። በገበያ ቀን እናቷ ጉደር ስትወርድ ቦንቱ ትንሽ ወንድሟን ልትጠብቅ ከትምህርት ትቀር ነበር። አባቷን ኦቦ ገመቹን ለምና ለምና፣ በመጨረሻ እሺ አላት፦ ካሮቷን ነቅላ እስክታመጣ በገበያ ቀንም ትማር፣ ሕፃኑን እሱ ያያል፤ ካሮቱ ቤት ሲገባ ደግሞ ስለሚቀጥለው ይነጋገራሉ። ካሮቱ ከጠፋ ግን ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል።

ካሮቱ በቀለ። ፀጉር የመሰለች ቅጠል አወጣ። ቦንቱ በየጠዋቱ ተንበርክካ ታየዋለች።

ችግሩ የእኔ ሪፖርት ነው። የክበቡ አትክልት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሪፖርት ላይ የማይበቅል ነገር የለም። ታዲያ ነገ ከበላይ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ሲባል ደነገጥኩ። አምቦ ሄጄ ጥቅል ጎመን በጆንያ ገዛሁና ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ተመለስኩ። ረዳቱ ጆንያውን አየት አድርጎ፣ "ቲቸር፣ ልታገባ ነው እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸቱን የጀመርኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

በነጋታው ጠዋት ልጆቹን ሰብስቤ ጎመኑን መሰካት ጀመርን። ሌላው መደብ ገና ሻካራ ስለነበር ጎመኑ አልቆም አለ። ቀጥ ብሎ የቆመው በለሰለሰው አፈር ላይ ብቻ ነው፤ የቦንቱ መደብ ላይ። እኔም ከዳር እስከ ዳር ሰካሁበት።

ቦንቱ ውሃ ቀድታ ስትመጣ ጀሪካኑን አስቀመጠችና መደቧን አየች። ቀጥላ እኔን አየች።

"ቲቸር፣ ካሮቴስ?"

"ከሥር አለ። ነገ ጎመኑን እናነሳለታለን" አልኳት።

እንግዶቹ መጡ። በወር ውስጥ የራስ ቅል የሚያክል ጎመን እንዴት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አንዱ ብቻ መደቡ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ልጆቹ ቦንቱን ጠቆሙ። ምን እንደተከለች ሲጠይቃት ዞራ አየችኝ። እኔ ቅንድቤን ወደ ጎመኑ አነሳሁላት። "ጎመን" አለች፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ። አስጨበጨቡላት፤ ፎቶ አነሷት። ፎቶው ላይ እኔም አለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ጎመኑ ፀሐይ ላይ ጠወለገ። ስንነቅለው ከሥሩ የተገኘው የተረገጠ አረንጓዴ ክር ብቻ ነበር። ቦንቱ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ከረሜላ እገዛላት ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ እሾህ በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት መጣ። ቦንቱ ከኋላው ናት። "አካም ቡልቴ በርሲሳ" ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና፣ ከብት ገብቶ የልጄን ካሮት ጨረሰው አሉ አለኝ። ቦንቱን አየኋት፤ የእግሯን ጣት ታያለች።

አፌን መክፈት የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እኔ ግን፣ አዎ፣ ከብቶቹ አስቸገሩን አልኩ።

"የሷ ባይተርፍም የሌሎቹ ልጆች ይትረፍ እንጂ" አለና እሾሁን አወረደ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ላልገቡ ከብቶች፣ ከሰውየው ጋር አጥር ሳጥር ዋልኩ። እጄ ደማ። ዶማ መያዝ የማላውቅ ሰው እሾህ ስይዝ አይቶ ሳቀብኝ፤ ጥሩ ሰው ነው ብሎ ሳያስብም አልቀረ።

በገበያ ቀን የቦንቱ ቦታ እንደገና ባዶ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ። ዘር አምጥቼ አብሬያት ልዘራ እችል ነበር፤ አባቷ ጋ ሄጄ ልናገር እችል ነበር፤ መንገዱ ሩቅ አልነበረም። እንግዶች ፊት የማላፍር ሰው፣ አንድ ገበሬ ፊት ማፈር ፈራሁ። ቀልደኛ ሰው ሁሉን በሳቅ ያልፋል ይሉኛል። ይህን ግን እያሳቅኩ ለሰው ልነግር ስሞክር፣ አጥሩ ጋ ስደርስ ሁሌ ወሬ እቀይራለሁ።

ያን ዕለት ከጎረቤት ልጆች ሸሽቼ ከገባሁ በኋላ ሳምንትም ሳይቆይ፣ አምቦ መናኸሪያ አንዲት ወጣት "ቲቸር" ብላ ጠራችኝ። ቦንቱ ናት። ኮሌጅ ገብታለች፤ አንድ ዓመት ዘግይታ፣ ግን ገብታለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ስናወራ፣ ለዓመታት የያዝኩትን ይቅርታ አወጣሁት። ከዚያ ጠየቅኳት፦ ለምን እውነቱን ለአባቷ አልነገረችም? ለምን ከብት በላው አለች?

ሳቀች። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች።

"ምን ላድርግ ቲቸር? ጠዋት አስተማሩኝ፣ ማታ ፈተናው መጣ።"