ለብቻው የሚቀርብለት ማዕድ

ፈንታን ሰው ሁሉ ያከብረዋል፤ ሲያከብረውም ብቻውን ያስቀምጠዋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሚኖረው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የሰፈራ መንደር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ገና ጥርሱን ሲነቅል፣ ከወሎ በመኪና ተጭነው ከመጡት ጋር መጣ። አብረውት የመጡት ክርስቲያኖች ቀስ በቀስ ተመናመኑ። ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ከተማ ገባ፣ ገሚሱም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በተነሳበት በክፉው ጊዜ ፈርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀሩት ሰፋሪዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ከመንደሩ ማዶ ያሉት የአገሩ ተወላጆች፣ በርታዎችም እንደዚያው። ፈንታና ሚስቱ ውድነሽ ብቻ ቀሩ። አምና ክረምት ደግሞ ውድነሽ ሞተች።

ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ነፍስ ያለው ዶሮ ወይም በግ ለይቶ ይሰጠዋል። እንግዳው በራሱ ቢላ ያርዳል፣ በራሱ ድስት ይሠራል፣ ለብቻው ይበላል። ውድነሽ ሳለች ይህ ደስ የሚል ነገር ነበር። ሁለት ሆነው ማንጎ ሥር ይቀመጣሉ፤ እሷ የሙሽራውን አረማመድ፣ የአማቾቹን ኩራት እያነሳች ታስቀዋለች። አሁን ግን ዶሮው ሲመጣ ራሱ ያርዳል፣ ራሱ ይገነጥላል፣ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ ራሱ ይቀቅላል። የበርታ ሴቶች ያዝኑለታል፤ ሥጋውን ግን መንካት አይሆንላቸውም። ከሩቅ ቆመው፣ «ፈንታ! እሳት ቀንስ! ያራል!» እያሉ ይጮኹለታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ እሳቱን ይቀንሳል።

እንግዲህ የኡመር ልጅ ሰዕዲያ ልትዳር ነው። ኡመር በርታ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የፈንታ ጓደኛ ነው። ሰዕዲያን ፈንታ በጀርባው አዝሏታል። ከሆሞሻ የሙሽራው ወገኖች እሑድ ይመጣሉ። ፈንታ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ በዚህ ሠርግ እንኳ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት። ግን ፈራ። መጽሐፉ ቢከለክልስ? ውድነሽ ወዳለችበት እንዳልሄድ ቢያደርገኝስ? ብሎ ሰጋ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሯል፤ ሆኖም አንዲት መስመር በጣቱ እየተከተለ ጨርሶ መጀመሪያዋን ይረሳታል።

ከእሱ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር መምህር አለ፤ ሰራዊት ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ የኡመር የወንድም ልጅ ሱለይማን እየመጣ በረንዳው ላይ ይከራከራሉ። ሱለይማን አሶሳ ሞባይል ይሸጣል፤ ቁርዓንም ተምሯል። ፈንታ ለውዝ እየፈለፈለ ይሰማቸዋል።

የዚያን ቀንም ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ሱሌ፣ መጽሐፍ ያልከኝ ሁሉ ያረጀ ነው» አለ ሰራዊት። «የእኛው መጽሐፍ ባሪያ እንዴት እንደሚያዝ ሕግ አለው። አልታዘዝም ያለ ልጅ በድንጋይ ይወገር ይላል። ጋሼ ፈንታ ልጅ ቢኖረው ይወግር ነበር?»

ፈንታ ደንግጦ ለውዙ ከእጁ ተበተነ። «ኧረ እኔ!»

«ይኸው! አይወግርም። ስለዚህ ከመጽሐፉ እየመረጥን ነው የምንወስደው። ክፉና ደጉን የሚለየው መራጩ ልባችን እንጂ መጽሐፉ አይደለም።»

ሱለይማን ሳቀ። «ልብ? የትኛው ልብ? መምህር፣ ቅዳሜ ገበያ ሂድ፤ ነጋዴው ሁሉ ሚዛኑን ትቶ በልቤ ነው የምመዝነው ቢልህ ትገዛዋለህ? ልብ ዛሬ ደግ ነው፣ ነገ ይከፋዋል። በዚያ በክፉው ጊዜ የሰው ልብ ምን እንዳደረገ አይተናል። መጽሐፍ ግን አንተ ስትቆጣ አብሮህ አይቆጣም።»

«መጽሐፍ ጠቅሰው የገደሉስ?»

«እነሱ ሚዛን ሰባሪ ናቸው።»

«አንተ ስለ ሚዛን ምን ታውቃለህ? የምትሸጠው ሞባይል!»

ተሳሳቁ። ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩት ሊተወው ምንም አልቀረው።

«አንቱ መምህር... ሥጋስ?»

«የምን ሥጋ?»

«እነሱ ያረዱት። እነ ኡመር። መጽሐፉ... ምን ይላል? እንዲያው ለማወቅ ያህል።»

ሰራዊት ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ አዲስ ኪዳን ላይ ገበያ የተሸጠውን ሥጋ ከየት መጣ ሳትሉ ብሉ የሚል ነገር አለ። ስለ እስልምና አይደለም፤ ያን ጊዜ አልነበረማ። እንደ እኔ ከሆነ ግን አይከለክልህም።»

ሱለይማን አፉን በእጁ ያዘ። «እኛም ዘንድ እኮ የመጽሐፉ ሰዎች፣ የእናንተ ማለት ነው፣ ምግብ ተፈቅዷል የሚል አለ።»

«አንተ ትበላለህ?»

«ወላሂ አልበላም። አባቴ አልበላማ!»

ሰራዊት ከመቀመጫው ተነሳ። «ያንተ መጽሐፍ ፈቀደ፣ የእኛም ፈቀደ። ታዲያ የከለከለው ማነው?»

ሁለቱ ክርክራቸውን ቀጠሉ። ፈንታ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማቸውም። አይከለክልህም የምትለዋን ቃል ይዞ ገባ፤ ሳምንቱንም ሙሉ በልቡ ሲደጋግማት ሰነበተ።

እሑድ ከበሮው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ፈንታ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሄደ። ኡመር በር ላይ አቅፎ ሳመውና ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እግሯ የታሰረ ዶሮ ሰጠው።

«በል ፈንታ፣ ይሄ ያንተ ነው። ወፍራም ነው፣ እየው!»

ፈንታ ዶሮዋን ተቀበለ። አልፈልግም ማለትን ከየት ያምጣ? እንደ ወትሮው አረደ፣ ቀቀለ። ምግብ ሲቀርብ ግን ድስቱን ማንጎው ሥር ትቶ፣ ሽማግሌዎቹ ወደከበቡት ትሪ መጥቶ ከኡመር ጎን ተቀመጠ። ሰራዊት ከወጣቶቹ ትሪ ላይ እየሳቀ ይበላል፤ ማንም ልብ አላለውም። ፈንታ በስመ አብ ብሎ እጁን ሰደደ።

ኡመር እጁን አየር ላይ ያዘው።

«ፈንታ! ይሄ የኛ ነው። ያንተ እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ፈንታ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

«ምን አልክ?»

«አውቃለሁ አልኩ። መጽሐፉ አይከለክልም። መምህሩ ነግሮኛል።»

ሽማግሌዎቹ መጉረስ አቆሙ። አንደኛው ወደ መሬት አየ። ኡመር የጓደኛውን እጅ ሳይለቅ አስነሳው፤ ወደ ማንጎው ወሰደውና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ያ መምህር ይበላል» አለ ኡመር። ኡመር አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ ሲናደድ ደግሞ ይብስበታል። «እሱ እንግዳ ነው። ቢበላ ባይበላ ማንም አይጠይቅም። ነገ ሌላ አገር ይመደባል። አንተ እንግዳ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እናንተ ስትመጡ አጥንት ነበራችሁ። አባቴ ሥጋ ይዞ መጣ። እናትህ እንቢ አለ። ልጆቹ በራብ እያለቀሱ እንቢ አለ! አባቴ ቤት ገብቶ እንዲህ አለን፤ ይሄ ሰው በራብ ጊዜ ደንቡን አልጣለም፣ እኛንም አይጥልም። በሚቀጥለው ቀን ፍየል ከነነፍሱ ሰጠ። በዚያ በክፉ ጊዜ እኔ ስደበቅ ሰዕዲያን ለማን ሰጠሁ? ላንተ። ለምን?»

ፈንታ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላል። ለረጅም ጊዜ ያፈነው ነገር ወደ አፉ መጣ።

«ኡመር፣ እንቢ ያለችው እናቴ ናት። እኔ እኮ እጄን ልኬ ነበር። እሷ ናት የመታችኝ።»

ኡመር ሳቁ አመለጠው። «አይቻለሁ! ከአባቴ ኋላ ቆሜ ነበር። ጥሩ ጥፊ ነበር፣ እንደ ጅራፍ ጮኸ።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ከዚያ በኋላስ? ይኼን ሁሉ ዘመን ማን መታህ?»

ሰራዊት ቢሆን መልስ ይኖረው ነበር፤ ሱለይማንም ሌላ መልስ። ፈንታ ግን የሚያውቀው ማንም እንዳልመታው ብቻ ነው።

«ብቻዬን ነኝ እኮ፣ ኡመር» አለ በመጨረሻ። «መጽሐፉን ልሽር ብዬ አይደለም። ውድነሽ ከሄደች ወዲህ ጉርሻው አይወርድልኝም።»

ማዶ የሆሞሻ እንግዶች እየጨፈሩ ነው፤ «አባት የት ሄደ?» እያሉ ይፈልጉታል። ኡመር ወደነሱ አየ። ወደ ድስቱም አየ። እጁ ወደ ድስቱ ትንሽ ፈቀቅ አለና ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ።

«አልችልም፣ ወንድሜ» አለ። «መጽሐፍ ቢፈቅድም እኔ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እዚህ ነኝ። ብላ።»

ኡመር ጀርባውን ለሠርጉ ሰጥቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰው እየመጣ ጠራው፤ በእጁ እየመለሰ አልነሳም። ፈንታ ድስቱን ከፍቶ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ። ርቦት ነበር፤ ቶሎ ቢበላ በጨረሰ። ነገር ግን ከጨረሰ ኡመር ይነሳል። ስለዚህ ጉርሻዎቹን አሳነሰ፣ አጥንቱንም ብዙ ጊዜ ጋጠ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀስ ብሎ በላ።