አኪኔቲና ያልወፈረው ባባይ

አኪኔቲ ባባይ የምንለው ትልቁ ጎደሬ በሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ ቅጠል ትከትፋለች። ከዚያ በባባዩ ግንድ ዙሪያ በጠለፈችው ቅርጫት ትጠቀጥቀውና ጥቁር አፈር ትመልስበታለች። የትኛውን ቅጠል ከየትኛው ጋር እንደምትደባልቅ ለእኔ ለጎረቤቷ፣ በልጅነቷ ላዘልኳት እንኳን አትነግረኝም። በደሴታችን የባባይ ቀለብ የየቤቱ ምስጢር ነው።

ልጇ ታይና በሚመጣው ዓመት ታገባለች። የሙሽራዋ ቤተሰብ ትልቅ የባባይ ሥር ተሸክሞ የመንደሩ አዳራሽ ካልገባ፣ ወሬው ከሙሽራዋ ቀድሞ አማቾቿ ቤት ይደርሳል። የአኪኔቲ ባባይ ደግሞ ቀጫጫ ነው።

የባሏ እህት ሮቲያ አፋፉ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ እያበላሽው የሚከሳው ምን ብታሰሚው ነው?»

«ዝም በይ! ከሱ ይልቅ ያንቺን ምላስ ብተክል ይሻለኝ ነበር፤ እሱ መቼም ወፍራም ነው።»

«ትከዪው፤ ለሠርጉ ግን ነቅለሽ መልሺልኝ፣ እዘፍንበታለሁ።»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ኮኮናት ስፈቀፍቅ አኪኔቲ ከጉድጓዱ ጮኸች። ሮቲያና እኔ እየሮጥን ደረስን። በጉድጓዱ ዳር፣ ማንም ያልተከለው አንድ ባባይ አንገቱን አደንድኖ፣ ቅጠሉን እንደ ሸራ ዘርግቶ ቆሟል።

«እማማ፣ ይሄን ማነው የሚያበላው?» አለችኝ አኪኔቲ።

«ሌባ ነዋ!» አለች ሮቲያ። «ድብልቃችንን ሰርቆ እዚሁ ይሞክረዋል!»

ሦስታችንም በእጃችን ጫርነው። ቅርጫት የለም፣ የተከተፈ ቅጠል የለም፤ የሸርጣን ቀዳዳ ብቻ። አኪኔቲ ቀና ስትል ጸሐይ ዓይኗን ወጋት፤ በመዳፏ ጋረደች። ከዚያ ዞራ የራሷን ባባይ አየች። ከአጠገቡ ያለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ድፍን አድርጎ አጥልቶበታል።

«ውይ!» አለች። «ውይ፣ በጨለማ ነው ያስቀመጥኩት!»

ለካ ቅጠሉን የሚበሉት ትሎቹና ለዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ጉልበታቸው ከዚያ ነው። እነሱ አብላልተው የሚተዉት ለባባዩ እንደ ጨው ነው። ያስፈልገዋል፤ ግን በጨው ብቻ ማን ወፍሮ ያውቃል? ምግቡን ባባዩ ራሱ ከአየርና ከውሃ፣ በጸሐይ ብርሃን ጉልበት፣ በቅጠሉ ውስጥ ይሠራል። ዛፉ ደግሞ ከላይ ሆኖ ብርሃኑን ይቀድመው ነበር።

ባሏ ባውሮ ዛፉን ልትቆርጥ ማሰቧን ሲሰማ ብድግ አለ።

«አባቴ የተከለውን ዛፍ ልትቆርጪ?»

«በጉድጓዱ በኩል ያሉትን ቅርንጫፎች ብቻ።»

«አባቴ ከመቃብር ይነሣል!»

«ይነሣ፤ ለሠርጉ ይደርሳል።»

ሳቁ አመለጠው። ገጀራውን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲወድቅ ብርሃን ጉድጓዱ ውስጥ ዘፍ አለ፤ እኛ ሴቶቹ የጠፋ ጀልባ የተመለሰ ይመስል እልል አልን።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አፌን ሳልታጠብ ሄጄ አየዋለሁ። አዲስ የተፈታው ቅጠል ከፊተኛው ይሰፋል! ግንዱም ደንደን ማለት ጀምሯል። ሥሩን ግን ገና ማንም አላየውም፤ ሠርጉም እየቀረበ ነው። ስለዚህ በአኪኔቲ ጉድጓድ በኩል የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ በጸሐይ መውጫው ወገን ቆማችሁ ወሬ አትያዙ፤ ጥላችሁ ያርፍበታል።