በክብ የተደረደሩት ማኅተሞች

ከአንኮበር በታች ባለው ጫካ ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከርነው፣ ጣሊያን ሲወጣ ንጉሡ እስኪመለሱ ድረስ አገሩን ማን ያስተዳድር በሚለው ነገር ነበር። ጣሊያን ደብረ ብርሃን ላይ ምሽጉን ሲያጠናክር እኛ ያልያዝነውን ሥልጣን እንከፋፈል ነበር። አሁን ሳስበው ያበግነኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከእኔ በላይ የጓጓ አልነበረም።

እዚያ ከተሰበሰቡት አምስት የአርበኞች አለቆች በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ አንድ ሰው ይሾም፣ ሌላው ይታዘዝ አሉ። ከሁሉም የሚያንሰው አለቃ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ አምስታችንም እኩል እንሁን፣ ሦስት ሰው ካልተስማማ ትእዛዝ አይውጣ ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ፤ ልቤ ከወንድሜ ጋር ነው። በመጨረሻ የእሱ ሐሳብ አሸነፈ።

ጣጣው ስምምነቱን ወረቀት ላይ አስፍረን ማኅተም ሲደረግበት መጣ። ከላይ ያተመ የበላይ፣ ከግርጌ ያተመ የበታች ነው፤ ማንም ዝቅ ማለት አልፈለገም። የወንድሜ ማኅተም ከታች ሲውል ማየት እኔንም ከነከነኝ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ትልቅ ክብ አሰመርኩና የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ዙሪያውን ጻፍኩ። መጀመሪያም መጨረሻም የለውም አልኳቸው። ወደዱት፤ እኔም ተኩራራሁ።

ሽማግሌው ብቻ ማኅተማቸውን ጨብጠው ቆዩ።

"ልጄ፣ አንድ ሰው ብንሾም ኖሮ ጠላት እጅ የሚገባው አንድ ስም ነበር" አሉኝ። ከዚያ አፈነገጡ እንዳይባሉ አተሙ።

ወረቀቱን እነዋሪ ከተማ አካባቢ ላሉት አርበኞች እንዲያደርስ ለአንድ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ሰጠነው። በሳምንቱ መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። ስለ እሱ ማውራት ፈራን።

በአሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ከገደሉ ጫፍ ሆነን ጭስ አየን። መጀመሪያ የሽማግሌው ቤት ነበር። እስከ ቀትር የአምስቱም አለቆች ቤት ተቃጠለ፤ የጎረቤቶቻቸው ጎጆ ግን አልተነካም። እናታችን እቤት ነበረች። ወንድሜ ሊያወጣት ሮጦ ወረደ፤ እዚያው ጠብቀው ያዙት።

ደብረ ብርሃን ገበያ መካከል ሰቀሉት። እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ አስተርጓሚው ወረቀቱን ዘርግቶ የወንድሜን ስም ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ሳይደናቀፍ አነበበ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። የእኔ ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም።