አሥራ አራት ጊዜ የተጻፈ ስም

በሥራዬ ኩሩ ሰው ነኝ፤ ይኼን መጀመሪያ ላይ ልናገርና ይውጣልኝ። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታትስቲክስ የተማርኩ ሰው፣ ኦክላንድ መጥቼ ሥራዬ ቅጽ መሙላትና ሪፖርት መተየብ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ፍሩትቬል በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ያሉ ሦስት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ስፓኒሽ ለሚናገሩ ሰዎች፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ ከኤችአይቪ እንዴት ራሳቸውን እንደሚጠብቁ እናስተምራለን። ጊዜው ዘጠናዎቹ ነው፤ ሰው ኤድስ ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ። ሳን ሆዜ በምንሄድበት የአማርኛ ቸርች ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቋት ባለቤቴ "ካውንቲ ኦፊስ ነው" ትል ነበር። ገንዘባችን የሚመጣው ከካውንቲው፣ ማለትም ከአውራጃው አስተዳደር፣ ስለሆነ ጨርሶ ውሸት አይደለም። እኔም አንድ ቀን አላረምኳትም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ ሴኞራ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ሴኞራ ነበር የምንላቸው፣ እመቤት እንደማለት ነው። ከሜክሲኮ ገጠር መጥተው ሳን ሆዜ የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ አጠር ሰፋ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። የሳቸውም እንግሊዝኛ ስብርብር፣ የኔም አበሻ አበሻ የሚል፣ ግን እንግባባ ነበር። "ሚሆ" ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። ግማሽ ፀጉሬ ሸብቶ ልጅ መባል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ዓርብ ዓርብ ታማሌ ያመጡልናል፤ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ ነው፣ ውስጡ ሥጋ ያለበት። የአሳማ እንደማልበላ ስለሚያውቁ የኔን በዶሮ ለብቻው ይሠሩታል፤ ከሌላው እንዳይቀላቀልም በነጭ ክር ያሥሩታል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ምንም ሳይሉ ያልፋሉ።

የሴኞራ ክፍል ላውንድሪው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ይሄዳሉ። ሴት ልብሷን ማሽን ውስጥ ከከተተች በኋላ እስኪታጠብ የትም አትሄድም፤ ባልም እዚያ ድርሽ አይልም። ስለዚህ ማሽኑ ሲያጥብ ያስተምራሉ፣ ማድረቂያው ሲዞር ጥያቄ ይቀበላሉ፣ ልብስ ሲታጠፍ ደግሞ በጆሮ የሚነገረውን ይሰማሉ። አንድ ቀን ካርቶን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ከቦርሳቸው የበቆሎ እሸት አውጥተው ኮንዶም እንዴት እንደሚጠለቅ ማሳየት ሲጀምሩ የምገባበት ጠፋኝ። የሳሙና መሸጫው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሴቶቹ የሳቁት በበቆሎው ሳይሆን በኔ ነው። "ዞር በልና እይ እንጂ ሚሆ፣ አንተስ ባለትዳር አይደለህ?" አሉኝ።

እንግዲህ ካውንቲው የመከላከያውን ገንዘብ የሚያከፋፍለው በሰው ቁጥር ነበር። ስንት ሰው አስተማራችሁ? ማስረጃው የፊርማ ወረቀት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች አዳራሽ አላቸው፣ ሰው ገብቶ ስሙን ጽፎ ይቀመጣል። የኛ ሴቶች ብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ነበሩ፤ በዚያን ሰሞን ቴሌቪዥኑም ስለ ስደተኛ ካወራ በደግ አያወራም። ቢሆንም ሴኞራ በየሳምንቱ የተሞላ ወረቀት ያመጡልኛል፣ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ስም ዐይኔ ውስጥ ገባ። የእመቤታችን ስም ነው፤ እኛ ግሸን ማርያም እንደምንለው እነሱም በቦታ ስም ይጠሯታል። አንድ ገጽ ላይ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። የቀጣዩን ሐሙስ ወረቀት ገለበጥኩ፣ ያው ነው። ሴኞራ ቁጥር እየሞሉ ነው አልኩ በልቤ። አልፈረድኩባቸውም፣ ክፍላቸው እንዳይዘጋ ብለው ነው። ግን ካውንቲው ከደረሰበት አለቀላቸው።

ፈረንጅ ቢሆን እዚያው ተነስቶ ይጠይቃቸዋል። እኔ ግን እናቴ የምትሆን ሴት ፊት ቆሜ "ይኼን እርስዎ ነዎት የጻፉት?" ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ቀይ እርሳሴን አነሳሁና ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱን ሰረዝኩ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ እንዲሁ አደረግኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ገመናቸውን የሸፈንኩላቸው መስሎኝ፣ ዓርብ ያቺን በክር የታሰረች ታማሌ ስበላ እንዲያውም ባለውለታቸው ነኝ እል ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተራችን፣ እንቅልፍ አጥታ የምትኖር ቀጭን ሴት፣ ሁላችንን ሰብስባ አነበበችው። የሐሙሱ ትምህርት የደረሰው በጣም ጥቂት ለሆኑ ሴቶች ስለሆነ ገንዘቡ እንዲቋረጥና ለሌላ ድርጅት እንዲሰጥ ታስቧል፤ ማክሰኞ ስብሰባ አለ፣ የሚናገር ሰው መጥቶ መናገር ይችላል ይላል።

"እንዴት ጥቂት?" አሉ ሴኞራ። "መቀመጫ እኮ አይበቃንም። ቆመው ነው የሚማሩት።"

ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩና ወረቀቶቹን አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ስሙን ትቼ አጻጻፉን አየሁ። አንዷ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደሏን አግዝፋዋለች። አንዷ ወረቀቱ እስኪበሳ እስክሪብቶውን ተጭናዋለች። አንዷ አሳምራ ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች። አሥራ አራት ቦታ፣ የአሥራ አራት ሰው እጅ። ይኼን ለማየት ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም ነበር፣ ዐይን ይበቃል። ከሁሉ የገረመኝ የኔ አሰራረዝ ነው፤ በማስመሪያ ነበር የሰረዝኩት።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይኼም በልቤ አለፈ፣ አልዋሽም። ግን ሴኞራ ቡና ማፍያው ጋ ቆመው ጉልበታቸውን ሲያሹ አየሁና ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ስማቸውን መጻፍ ፈሩ" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲያው የእመቤታችንን ጻፉ አልኳቸው። እሷን ከሀገር የሚያባርር የለም።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "እና አሥራ ሦስት ሴት ከራሴ የፈጠርኩ መስሎህ ነው?"

የሰረዝኩትን ወረቀት ዘረጋሁላቸው።

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"አፍሬ ነው ሴኞራ።"

"በኔ አፍረህ።" ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

በነጋታው ዓርብ ነበር። ለሁሉም ጠረጴዛ ታማሌ ደረሰ፣ ለኔ አልደረሰም። ሰው በታማሌ ያለቅሳል ወይ? እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሴትዮዋን እወዳቸው ነበር፤ ሌባ ናቸው ብዬም እወዳቸው ነበር፤ ይኼን ግን እንዴት አድርጎ ለሰው ይነግሩታል።

ሰኞ ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። ራሷን በሁለት እጇ ያዘችና ማክሰኞ ምን ብላ እንደምትናገር ጠየቀችኝ። ሴኞራ ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ መለሱላት። "እሱ ያንብበው። የሰረዛቸው እሱ ነው፣ እሱው ይመልሳቸው።"

"ሴቶቹስ ይመጣሉ?" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ።

ማክሰኞ የሠርጌን ከረባት አሠርኩ። ባለቤቴ ወዴት ነው አለችኝ። "ካውንቲ ኦፊስ" አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነ። ኦክላንድ መሃል ያለው አዳራሽ ውስጥ ባለሥልጣኖቹ ከፊት ተደርድረዋል። አንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ አለው፣ ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። ከኛ በፊት የሌሎች ድርጅቶች ሰዎች ተናገሩ፤ የነሱም ሰዎች እየሞቱባቸው ነበር፣ አንዱን ቃል ውሸት ልል አልችልም። ያለው ገንዘብ ለሁሉ አይበቃም። በቁጥር ከሆነ የምንካፈለው ግን የኛም ሰው በትክክል ይቆጠር፣ የኔ ነገር ይኼ ብቻ ነበር።

ተራዬ ሊደርስ ሲል የኋላው በር ተከፈተ። ሴኞራ ገቡ። ከኋላቸው ሴቶች ተከተሉ፣ እያንዳንዳቸው የቆሸሸ ልብስ የሞላ ከረጢት ይዘዋል። ለካ ከቤት ሲወጡ ላውንድሪ ነው የምንሄደው ብለው ነው። ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው የኋላውን ወንበር ሞሉት።

ማይክሮፎኑ ጋ ቆሜ ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሴቶቹ በፍርሃት አንድ ስም መጻፋቸውን፣ እኔም ሳልጠይቅ መሰረዜን ተናገርኩ። ከዚያ የሰረዝኩትን ገጽ ዘርግቼ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ሁለተኛውን አነበብኩ፣ ያው ስም ነው፣ ሌላዋ ተነሳች።

"ጌታዬ፣ ይኼን አንብበውታል እኮ" አለኝ ሰብሳቢው በትሕትና።

"ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች። ይቺ ሁለተኛዋ ናት።"

ቀጠልኩ። ቀዩ መብራት በራ። ሰብሳቢው አየው፣ አላስቆመኝም። አንዷ ስትነሳ ከረጢቷ ተገልብጦ የሕፃን ልብስ መሬት ላይ ተበተነ፣ አጠገቧ ያሉት እየሳቁ ሰበሰቡላት። አሥራ ሦስት ሴቶች ቆሙ። አሥራ አራተኛውን አነበብኩ፤ ያቺ አሳምራ ጽፋ ከሥሩ ያሰመረችው ናት። ማንም አልተነሳም። እንደገና አነበብኩት።

ሴኞራ የፊተኛውን ወንበር ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። "እሷ አትመጣም" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየለቀሙ። "ሆስፒታል ናት። ላውንድሪ የመጣችው ከያዛት በኋላ ነው። ለሷ ዘግይተናል።" በእጃቸው የቆሙትን አሳዩ። "ለነዚህ አልዘገየንም።" ከዚያ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ነው።

የጠየቅነውን ሁሉ አልሰጡንም። ሐሙስ ግን ተረፈ። ቅጹም ተለወጠ፤ ስም የማይጽፍ ሰው ካለ ከኛ አንዱ ቆጥሮ ቢፈርምበት ይበቃል ተባለ። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በነጭ ክር የታሰረ ታማሌ አገኘሁ። ሴኞራ አለፍ ሲሉ "ሁለት ናቸው፤ ያለፈውም አለበት" አሉኝ።

በጸደይ ለቸርቻችን መጋቢ ሥራዬ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ትምህርቱ ለኛም ሰው ያስፈልጋል፣ እባክህ አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹን ስጠን አልኩት። ሲያስብ ቆይቶ እሺ አለ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ። ሴኞራ ሳን ሆዜ ድረስ መጡ፣ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ተረጎምኩ። በቆሎውን ይተዉት ብዬ ለምኛቸው ነበር፣ አልተዉትም። ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ሲያዩ እኔ የሳሙናውን ሣጥን አስታወስኩ።

የፊርማ ወረቀቱ ዞሮ ተመለሰ። ከላይ እስከ ታች እህት፣ ወንድም፣ እህት፣ እህት፣ ወንድም ይላል። አንድም ስም የለበትም። ሴኞራ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው አዩ።

"ምን ብለው ጻፉ?"

"እህትና ወንድም።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ቦርሳቸውን ከፍተው ቀይ እርሳስ አወጡና ዘረጉልኝ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። ከጠረጴዛዬ ላይ መቼ እንደወሰዱት እንጃ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መስመር በመስመር አየሁ፣ በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱን እጅ ጽሕፈት። ከላይ አራተኛዋ እህት የባለቤቴ ናት። ስንት ዓመት የገበያ ዝርዝር የጻፈችልኝ እጅ እንዴት ይጠፋኛል። ሃያ ሦስት ነበሩ። ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ፈረምኩ።