የወንዙ ሁለት በረኞች

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች «እማማ ቦይ» ይሏታል። ገና አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሙን ግን ወዳዋለች። ሥራዋ የከተማዋ ጎርፍ ወደ ወንዝ የሚለቀቅበትን የብረት በር መክፈትና መዝጋት ነው። ማዶ ሌላ አገር፣ ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያም እንደሷ በር የሚጠብቁ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አሉ።

ሁለቱ በሮች ባንድ ጊዜ ከተከፈቱ ወንዙ ገንፍሎ የዳርና ዳሩን ሰፈር ይውጣል። ስለዚህ ሲዘንብ ስልክ ይደዋወላሉ።

«እህት ዓለም፣ እኔ ልልቀቅ ወይስ አንቺ?»

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ይታገሱኝ፤ እዚህ ውሃው አንገታችን ደርሷል።»

እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው። በዘጠኙም ዓመት ውሃ የማንንም ደጃፍ አልረገጠም።

ከዚያ ሁለቱ አገሮች ከተሞቻቸውን አብረው ሊያለሙ ስምምነት ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ኃላፊ የስልኩን ነገር ሲሰማ ደነገጠ። «ያለ ፈቃድ ከውጭ አገር ሠራተኛ ጋር መረጃ ተለዋውጣለች» የሚል ደብዳቤ አዘጋጅቶ አስጠራት።

«አጥፍቻለሁ፣ አልደግመውም ብለሽ ፈርሚና ነገሩ ይብረድ።»

«ነገ ሲዘንብ ውሃውን እርስዎ ሊለምኑልኝ ነው?»

«አፍሽን ሰብስቢ! ሥራሽን ታጫለሽ!»

«ሥራዬ እኮ እሱ ነው» ብላ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ማታ ልብስ ሰፊው ባሏ፣ «አንገትሽን ደፋ አድርገሽ ብትፈርሚስ?» አላት።

«አንገቴን ስደፋ ውሃው በአፌ ይገባላ!» አለችና ሳቀች።

የሁለቱ አገር ልዑካን በሩን ሊያዩ የመጡ ቀን ካፊያ ነበር። ከማዶ የመጣችው መሐንዲስ «የሚከፈተው በማን ትእዛዝ ነው?» ስትል፣ ኃላፊው ቀደም ብሎ «በቢሮው መመሪያ» አለ።

«ውሸት ነው!» አለች እማማ ቦይ ከኋላ፣ በጭቃ ቦት ጫማዋ እየተራመደች። «ማዶ ካሉት ጋሼ ጋር እየተደዋወልን ነው። በዚህም ልባረር ነው፤ ቢያባርሩኝም እደውላለሁ!»

መሐንዲሷ ፈገግ አለች። «የኛም በረኛ ይቅርታ ይፈርሙ ቢባሉ ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ስምምነቱ ሲጻፍ፣ ሁለቱ በረኞች ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲደዋወሉ የሚል አንቀጽ ገባበት። የኃላፊው ደብዳቤ ግን ከማህደሯ አልወጣም፤ በዓመቱ የደረጃ እድገትም ታለፈች። «እንዲነሳልሽ ማመልከቻ አስገቢ» አሏት የቢሮው ሰዎች።

«አልለምንም፤ የለጠፉት ራሳቸው ይላጡት» አለችና፣ ደመናው ጠቆር ስላለ ወደ በሯ ሄደች።