ማሻአላህ ጉሮሮዬ ላይ የቀረበት የፑል ጠረጴዛ

ዛሬ የአስር ሶላት ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ፣ በገዛ እጄ የሰጠሁትን የፑል ጠረጴዛ አይቼ አንጀቴ አረረ።

ጠረጴዛው የአባቴ ነበር። ጨርቁ ሲቀዳደድ ነቅዬ ጣልኩና ከበር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ከጨፋ ሜዳ የመጣ ማሽላ ለቅሜበታለሁ፣ በርበሬም አስጥቼበታለሁ። አትፍረዱብኝ።

አምና ጎረቤቴ ሰይድ፣ አናጢው፣ "ስጠኝ" ሲለኝ "ውሰድልኝ፣ ገላገልከኝ" አልኩት። እንደዚያ የሚከብደው ከጨርቁ ስር ያለው ጣውላ ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሆነ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ዛሬ "ኮቱ፣ ና እየው" ብሎ ጎረቤቱ ወደተሰበሰበበት ቤቱ ወሰደኝ።

ቀለሙን ፍቆ ፍቆ እንጨቱን አውጥቶታል። አዲሱ አረንጓዴ ጨርቅ ክረምት ላይ ያለች ጨፋን ይመስላል። ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በሞላ የላስቲክ ቱቦ አራቱንም ማዕዘን ስላስተካከለው፣ ኳሷን መሃል ሲያስቀምጣት ንቅንቅ አላለችም።

መቼም እኛ ዘንድ ያማረ ነገር አይቶ ማሻአላህ የማይል ሰው ዓይኑ ይፈራል። ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ።

የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ "በል እንጂ ልጄ! ዓይንህ ድንጋዩን ሊሰነጥቀው ነው" አሉኝ።

"ማሻአላህ" አልኩ፣ ግድግዳውን እያየሁ።

ሰይድ ዱላውን አቀበለኝ። "የአባትህ ነው፣ አንተ ጀምረው።"

መታሁ። ሌሎቹን ማስገባት የነበረባት ነጯ ኳስ ራሷ ጉድጓድ ገባች።

እናንተስ፣ "ውሰደው" ብላችሁ የሰጣችሁት ነገር ሰው ቤት አምሮ አላቃጠላችሁም? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልረር።

ሰይድ፣ ይህን ካነበብክ በድጋሚ ማሻአላህ። ከልቤ የሆነው ሦስተኛው ላይ ይመጣል።