ከአያ ሞላ ማሳ የታፈሰ በረዶ

ባለፈው ሳምንት ከምሳ ስመለስ ኮምፒዩተሬ ላይ ቀይ ምልክት በርቶ ጠበቀኝ። እኔና ባልደረቦቼ የሠራነው ፕሮግራም በየጤና ጣቢያው ያሉትን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ይከታተላል፤ አንዱ መሞቅ ሲጀምር ወዲያው ያስታውቀናል። ምልክቱ የመጣው ከአንድ ደጋ ወረዳ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ወጣቷ ፕሮግራመር ሐና አየችውና፣

"መብራት ሄዶባቸው ይሆናል፤ እትዬ፣ ድሮ መብራት በሌለበት አገር ስትሠሩ ክትባቱን በምን ታቀዘቅዙት ነበር?" አለችኝ።

"በላምባ ማቀዝቀዣ" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ልቤ ግን ላስታ ሄዶ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ላሊበላ ክሊኒክ ተመደብኩ። "ሐኪሟ" እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ እናትና አባት የሚሆኑኝ ነበሩ። አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ቁስል እያሰሩ መርፌ እየወጉ ረጅም ዘመን በድሬሰርነት ያገለገሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ክሊኒኩ የሚወርዱትን ሰዎች በረንዳው ላይ ቆመው ሲቀበሉ ዛሬም ይታዩኛል።

አንድ መስከረም ላይ ከኩልመስክ ከተማ በላይ ባለው ቀበሌ አካባቢ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ መጣ። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት አይችልም። ጋሽ ተፈራና እኔ ከላምባ ማቀዝቀዣው ያወጣነውን በረዶ ሳጥን ውስጥ ደርድረን፣ ክትባቱን መሐሉ አስቀምጠን፣ በበቅሎ ጭነን ተነሳን። ያሰብነው በማግስቱ ለመድረስ ነበር። ነገር ግን ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም ኖሮ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። እስኪጎድል ተቀምጠን ኩልመስክ የደረስነው በማግስቱ መሽቶ ነው፤ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አደርን። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ቀልጦ ጥቂት ስባሪ ብቻ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ቅዝቃዜውን ለኩ። በኋላ፣

"ውሃው ከሞቀ ክትባቱ ሞተ ማለት ነው። የሞተ መድኃኒት ወግቼ እናቶቹን 'በሉ ልጃችሁ አይታመምም' ብዬ አልሸኝም። እንመለስ" አሉኝ።

"ገና ቀዝቃዛ ነው እኮ፣ ጋሽ ተፈራ። ትንሽ እንሞክር።"

ሽቅብ ዳገቱን አዩ፣ ቁልቁል የመጣንበትን አዩ። "እሺ። በረዶው መንገድ ላይ ካለቀ ግን ፊታችንን እናዞራለን።"

ዳገቱን ጀመርን። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ዘለላው ሞልቶ፣ ወደ ቢጫ ሊለወጥ አንድ ሐሙስ የቀረው። ያን የመሰለ ገብስ ከዚያ በኋላ አይቻለሁ አልልም። እኔ ግን በየማረፊያው ክዳኑን ከፈት አድርጌ የበረዶዋን ስባሪ እያየሁ ነው የምሄደው። ከቀትር በኋላ እሷም ጠፋች። ጋሽ ተፈራ የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። ሊያዞሯት ሲሉ ሰማዩ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጠቆረ፤ ሳንሮጥ በረዶው ደረሰብን።

የተጠጋነው እዚያው ቀበሌው ጫፍ ላይ ያለ የአያ ሞላ ቤት ነበር። ሽምግልና የጀመራቸው ገበሬ ናቸው። በቅሏችንን ሳይቀር አስገቡልን። ጣሪያው ላይ የሚወርደው የበረዶ ጩኸት ሰው አያሰማም ነበር። ሲያባራ ወጣን። ማሳው ነጭ ሆኗል። ገብሱ መሬት ለመሬት ተኝቷል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ አያ ሞላ ግን እንደቆሙ ቀሩ።

እኔ በረዶውን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን አየሁና አፈርኩ። ጋሽ ተፈራን አየኋቸው፤ እሳቸውም በረዶውን እያዩ ነበር። በሰው መከራ ላይ ቆሞ እንዴት ይጠየቃል? ግን ይቀልጣል።

"አያ ሞላ፣" አልኩ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። የያዝነው የኩፍኝ ክትባት ነው። በረዶ ካላገኘን ይበላሻል። ከማሳዎ... ብንወስድ?"

ዞር ብለው አዩኝ። የሚቆጡ መሰለኝ።

"ለኛ ልጆች ነው?"

"አዎ፤ ለዚሁ አገር ልጆች።"

"ሴት ልጄን የወሰደብኝ ኩፍኝ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው፣ "ዘነቡ፣ ቁናውን አምጭው" አሉ።

አራታችንም ጎንበስ ብለን ከተኛው ገብስ መሐል በረዶ አፈስን። ጣቴ ደንዝዞ እስኪጠፋኝ ድረስ አፈስኩ። አያ ሞላ ዘለላውን በአንድ እጃቸው እየገለጡ፣ ትልልቁን እየመረጡ ቁናው ውስጥ ይጥላሉ። የሳጥኑ ውሃ ገና አለመሞቁን ጋሽ ተፈራ በእጃቸው አረጋገጡ፤ ሳጥኑን ሞልተን፣ የተረፈውን በጭድ ሸፍነን ለማታው አስቀመጥን።

ማታ እትዬ ዘነቡ የወደቀውን ዘለላ ለቅመው እሸቱን ለብልበው አቀረቡልን። ጭስ ጭስ የሚል፣ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ነበር። የዓመት ቀለባቸው መሆኑን ሳስብ ግን እጄን ሰበሰብኩ።

"ብዪ እንጂ ልጄ፣" አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ "ካልበላነው ይበሰብሳል።"

በማግስቱ አያ ሞላ ጡሩምባ አስነፉ። ከቀበሌው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ባለው ወይራ ሥር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰበሰቡ። ጋሽ ተፈራ መርፌውን ይቀቅላሉ፣ እኔ እወጋለሁ። መጀመሪያ የቀረበችው የአያ ሞላ የልጅ ልጅ ነበረች፤ ጩኸቷ ሸለቆውን አናወጠው። ሳጥኑ እስከ መጨረሻው እንደ ሌሊት ውርጭ ቀዝቅዞ ዋለ።

ለገና ላሊበላ በሰው ስትሞላ አያ ሞላ በእግራቸው ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። ፊታቸው ከስቷል።

"ኩፍኙ ማዶ ድረስ መጥቶ ነበር። የኛዎቹ ደህና ናቸው" አሉኝ።

"እርስዎስ? ቤቱስ እንዴት ከረመ?"

"በርጥበቱ ሽምብራ ጣል አድርገንበት ነበር፤ ያዘልን። ዓመቱ ይጠባል እንጂ እንወጣዋለን" አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው እፍኝ የሽምብራ እሸት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። እኔም ከመርፌ ወደ ኮምፒዩተር ዞርኩ፤ አሁን አንድ ማቀዝቀዣ ሲሞቅ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ በሥራዬም እኮራለሁ። ቀይ ምልክቱ የበራ ዕለት ለሐና ይህን በአጭሩ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "እና ያ በረዶ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?" አለችኝ። ለአያ ሞላ መጥፎ ነበር፤ እጃቸው ጥሩ አደረገው ብል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ስልኩን አንስቼ ምልክቱ ወደመጣበት ጤና ጣቢያ ደወልኩ። አንዲት ወጣት ነርስ አነሳች። ስለ ማቀዝቀዣው ከመጠየቄ በፊት፣ "ልጄ፣ አገሩ እንዴት ነው? እህሉ እንዴት ይዟል?" አልኳት።